ሠርቶ መግባት ወይስ ገዝቶ መሥራት

ቤት ፈላጊ በሁለት አማራጮች መካከል ሲዋልል መኖሩ የታወቀ ነው፤ አንዱ ባዶ ቦታ አግኝቶ በራስ ሐሳብ፣ በራስ ገንዘብና በራስ እንቅልፍ ማጣት ማሠራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌላ ሰው ቀደም ብሎ እንቅልፍ ያጣበትን ቤት በዋጋ መግዛት ነው። የመጀመሪያውን የሚመርጡ ወገኖች፣ ያሠራ ሰው በግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል ይላሉ፤ ሁለተኛውን የሚመርጡት ደግሞ በግድግዳው ውስጥ ያለውን አለማወቅ ለጤና እንደሚሻል አጥብቀው ይከራከራሉ። በአዲስ አበባም ሆነ በድሬዳዋ ይህ ክርክር በቡና ላይ ተጀምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ በባንክ ደብተሩ ላይ በሚገኘው ቁጥር ይቋጫል። በሐረር፣ በተለይም ጀጎል ተብሎ በሚጠራው ግንብ በዞረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ እዚያ የገዛ ሰው ሳይሠራ አይቀርም፣ እንደ ልቤ ልሥራ ያለ ሰው ደግሞ ራሱን ከግንቡ ውጭ ያገኘዋል።

ለዚህ ሁኔታ የመጀመሪያው ተጠያቂ በ16ኛው መቶ ዘመን ከተማዋን የገዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። አሚሩ ከተማዋን ከጥቃት ለመከላከል እንዳሠሩት የሚነገረው ግንብ ርዝመቱ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ያቀፈውም መሬት 48 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ በዚህ ላይ 82 መስጊዶችና 102 አዋች፣ ማለትም የቅዱሳን መካነ መቃብሮችና መታሰቢያዎች፣ እንደሚገኙ ዩኔስኮ መዝግቧል። የዛሬ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ከተማ ያለ ልክ እንዳይንሰራፋ በካርታ ላይ የሚያሰምሩትን የወሰን መስመር አሚሩ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በድንጋይ አስምረውታል፤ የእሳቸውን መስመር ግን እንደ ካርታው በላጲስ ማጥፋት አይቻልም። ከአምስቱ ነባር በሮች በተጨማሪ በግንቡ ግርጌ ወራባ ኑዱል የሚባሉ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅቡም በእነዚህ ገብቶ የቀኑን ጥራጊ ሲለቃቅም ያድራል። በዚህ ረገድ ጅብ ያለ ካርታና ያለ ግንባታ ፈቃድ የራሱን መግቢያ ያገኘ ብቸኛው ባለጉዳይ ሳይሆን አይቀርም።

መሬቱ ይህን ያህል ከተወሰነ፣ በጀጎል ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው መግዛቱ ግድ ይሆንበታል። እዚህ ላይ ግን «መግዛት» የሚለው ነገር ምን ምን እንደሚያካትት መታወቅ አለበት። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ በጀጎል ውስጥ የግል ቤትና የቀበሌ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ተጎራብተው ይኖራሉ፤ የቀበሌ ቤት የሚባለው ከዚያ አዋጅ በኋላ ከባለቤቱ ተወስዶ ወይም ትርፍ ተብሎ በአነስተኛ ኪራይ ለተከራይ የተሰጠው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ስለደነገገ፣ ገዢው በሕግ ዓይን የሚገዛው ድንጋዩን፣ ጭቃውን፣ ወራጁንና በሩን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከቤቱ ዋጋ ውስጥ ምን ያህሉ ለድንጋዩ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከሥሩ ላለውና በሕግ ላልተሸጠው መሬት እንደተከፈለ ሻጩም፣ ገዢውም፣ ደላላውም አይጠያየቁም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስቱም ያላቸው ስምምነት በውሉ ላይ ከሰፈረው ሁሉ የጠነከረ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሕጉ ያላሰበው ችግር ግን የሻጩ ብዛት ነው። የጀጎል ቤት ብዙውን ጊዜ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጆች በውርስ የተላለፈ ሲሆን፣ በእስልምና የውርስ ሥርዓት መሠረት ልጆች ላሉት ሟች ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ከቀሪውም ወንድ ልጅ የሴት ልጅን ድርሻ እጥፍ ስለሚወስዱ፣ ለሁለት ትውልድ ሳይከፋፈል የቆየ ቤት ባለቤቶቹ በክፍልፋይ ቁጥር ብቻ የሚገለጹ ይሆናሉ። ከነዚህ አንዱ በድሬዳዋ ይነግዳል፣ አንዷ በአዲስ አበባ መርካቶ ሱቅ አላት፣ ሌላው በካናዳ ወይም በሳዑዲ ዓረቢያ ይኖራል፤ በቤቱ ውስጥ የምትኖረው አክስት ደግሞ በቁጥር ትንሹ ድርሻ ያላት ሆና በድምፅ ትልቁን ትይዛለች። ገዢው ቤቱን ለማየት የሚወስድበት ጊዜ ግማሽ ቀን ሲሆን፣ ቀብድ ከከፈለ በኋላ ውክልናዎቹ ተሟልተው ስም እስኪዞርለት የሚወስደው ጊዜ ግን አዲስ ቤት ተሠርቶ ለመድረቅ ከሚወስደው ላይተናነስ ይችላል። መግዛት ፈጣን ነው የሚለው የተለመደ አስተያየት በጀጎል ውስጥ አንድ ወራሽ ብቻ ላለው ቤት ይሠራል፤ እንዲህ ያለው ቤት ግን ለገበያ አይወጣም።

ከዚህ ሁሉ አልፎ የቤቱን ቁልፍ የተረከበ ሰው የገዛውን ነገር ገና አያውቀውም። ጌ ጋር፣ ማለትም የከተማው ነባር ቤት፣ ከውጭ ሲታይ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው፣ ፊቱን ወደ ውስጥ ግቢው ያዞረና ለመንገዱ ጀርባውን የሰጠ የድንጋይ ሕንጻ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1855 ወደ ከተማዋ የዘለቀው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተንም ረጃጅምና ጣሪያቸው ዝርግ የሆኑ፣ መስኮታቸው ከመሬት ከፍ ብሎ የተበሳ ቤቶች ማየቱን ጽፏል። ከውስጥ ግን ዋናው ክፍል ነደባ በሚባሉ ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ በሚሉ፣ ከድንጋይና ከጭቃ በተሠሩ መቀመጫዎች የተሞላ ነው። ብዙውን ጊዜ አምስት ናቸው፤ አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ ጌታ ወይም ታላቅ እንግዳ የሚቀመጥበትና የሚገባውን ሰው ከበሩ ጀምሮ የሚያይበት ነው፤ ግዲር ነደባ ለቤተሰቡና ለብዙኃኑ እንግዳ የተዘረጋው ሰፊው መደብ ነው፤ ሱትሪ ነደባ ገለል ያለው፣ ገብቲ ኤሐር ነደባ ከበሩ በስተኋላ ያለው፣ ጥት ነደባ ደግሞ ትንሹና የታናናሾች የሆነው ነው። ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር የሚቀቡ ሲሆን፣ ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነ በሕዝቡ ዘንድ ይነገራል። በግድግዳው ላይ ጣቄት የሚባሉ የዕቃ ማኖሪያ ጎድጓዳ ቦታዎች፣ በነዚያ ዙሪያም የሐረሪ ሴቶች የሚሰፉዋቸው ጌጠኛ ስፌቶችና የገበታ ሳህኖች ይደረደራሉ፤ ወደ ጎን ደግሞ ኪርታት የሚባል፣ ለሙሽሮች ይለቀቅ የነበረ ትንሽ ክፍል ይገኛል።

ይህ ሁሉ በአድናቆት ለሚጎበኝ ቱሪስት እጹብ ነው፤ የራሱን ሶፋ ይዞ ለሚገባ ገዢ ግን ፈተና ነው። ሌላ ቦታ ቤት የገዛ ሰው ዕቃውን በቤቱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጌ ጋር የገዛ ሰው ግን የቤቱ ዕቃ አስቀድሞ በድንጋይ ተገንብቶ፣ ተለስኖና ቀይ ተቀብቶ ይጠብቀዋል። ከአዲስ አበባ ያስጫነው ባለ ኤል ሶፋ በበሩ አይገባም፤ ቢገባም የሚያርፍበት ደልዳላ ወለል ከመካከለኛው ትንሽ ቦታ በስተቀር የለም፤ በዚያ ላይ ቢያርፍ ደግሞ ሁሉም ሰው ከእሱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በሶፋው ላይ የሚቀመጠው ሰው በቤቱ ውስጥ ዝቅተኛው ይሆናል። ቡፌ ማቆሚያ ግድግዳ የለም፣ ጣቄቶቹ ይዘውታል። ማቀዝቀዣው ከግዲር ነደባ ላይ ቢወጣ እንደ ክቡር እንግዳ ይታያል፣ ዴራ በሚባለው የእህልና የዕቃ ማከማቻ ቢገባ ደግሞ በሩ አይከፈትለትም። ከሁሉም የከፋው የቴሌቪዥን ጉዳይ ነው። ቴሌቪዥን ከአሚር ነደባ በቀጥታ እንዲታይ ከተፈለገ ከበሩ አጠገብ መቆም አለበት፤ ይህ ሲሆን አባወራው የሚገባውን እንግዳ ሳይሆን የእግር ኳስ ጨዋታውን ያያል፣ እንግዳውም በኳሱና በአባወራው መካከል ቆሞ ሰላምታ ለመስጠት ይገደዳል። ቴሌቪዥኑ በሌላ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ግን ጥሩ እይታ የሚያገኘው ጥት ነደባ ላይ የተቀመጠው ታናሽ ልጅ ይሆናል። ይህን ቤት የነደፉት ሰዎች ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ በድንጋይ ወስነው ስለሄዱ፣ አዲሱ ባለቤት ማዕረጉን ከቤቱ ጋር ተረክቧል ማለት ይቻላል።

ገዢው በዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ማፍረስን ነው፤ አንዱን ነደባ ዝቅ ማድረግ፣ አንዱን ጣቄት ደፍኖ መስኮት ማውጣት፣ ወለሉን በሴራሚክ ማልበስ ይመኛል። እዚህ ላይ ሌላ ባለድርሻ ይመጣል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም በቅርስ ላይ የሚደረግ እድሳት ያለሚመለከተው አካል ፈቃድ እንዳይካሄድ ይከለክላል። ስለዚህ ገዢው በወረቀት የራሱ፣ በመሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ፣ በጣሪያውና በግድግዳው ደግሞ የመላው የሰው ልጅ ቅርስ በሆነ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ግን ከእነዚህ ባለድርሻዎች መካከል ባልዲ ይዞ የሚነሣው እሱ ብቻ ነው።

ማፍሰሱም አይቀርም። የነባሩ ቤት ዝርግ ጣሪያ በግንድና በእንጨት ርብራብ ላይ አፈር ተደልድሎ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከክረምት በፊት እየተጠቀጠቀና እየተለሰነ ካልታደሰ ውሃ ያስገባል፤ ብዙዎች ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ቆርቆሮ ደርበውበታል። ግድግዳው ደግሞ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ስለሆነ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት ቀስ እያለ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ነው፤ አዲስ ገቢው ቤቱን «ለማጠንከር» በሲሚንቶ ሲለስነው እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ጭቃውን ያላሽቀዋል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የማይነቃነቅ የመሰለው ልስን በአንድ ሉክ ተገንጥሎ ይወድቃል። ትክክለኛው እድሳት ጭቃ፣ ኖራና የሁለቱን ጠባይ የሚያውቅ ግንበኛ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ግንበኛ ሲገኝም፣ ዕቃው ወደ ሥራው ቦታ እንዴት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ አንድ ቢያጆ፣ ማለትም አንድ የገልባጭ መኪና ጭነት አሸዋ፣ ከአውራ መንገዱ ዳር ሲገለበጥ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በአህያና በሰው ጀርባ ነው። ከመንገዶቹ አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ተላልፎ ለማለፍ የሚያጨናንቁ ስለሆኑ፣ ሁለት ጭነት ያላቸው አህዮች ፊት ለፊት ቢገናኙ ከሁለት አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ አህያ ወደ ኋላ በመሄድ ዝናዋ ስላልታወቀ ሥራው ለዚያን ቀን ይቆማል።

ከግንቡ ውጭ ልሥራ የሚለው ሰው ጣጣ በአንጻሩ በመላ አገሪቱ የታወቀ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ከሸዋ በር ወደ ምዕራብ በተዘረጋው አዲሱ ከተማ ወይም በዳርቻው ቦታ ለማግኘት ከጨረታ ወይም ከምደባ አንዱን ይጠብቃል፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት በመሆኑ፣ ቢያንስ የጊዜ እጥረት አለበት ማለት አይቻልም። ከዚያ መሠረት ይቆፈራል፣ ፌሮ ይታሰራል፣ ብሎኬት ይደረደራል፣ የሲሚንቶ ዋጋ ባለቤቱ ገንዘብ በያዘበት ሳምንት ይጨምራል፣ ፎርማኑ ለቅሶ ይሄዳል፣ አናጢውና ግንበኛው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳበላሸ ለባለቤቱ በየተራ ያስረዳሉ። በሐረር የሚጨመረው ልዩ ችግር ውሃ ነው፤ ከተማዋን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃ ከሩቅ የሚመጣና በፈረቃ የሚገኝ ስለሆነ፣ ኮንክሪት ለማቡካትና ብሎኬት ለማጠጣት ውሃ በቦቴ የሚገዛበት ጊዜ አለ።

በጀጎል ውስጥ ዝናቸው ከፍ ያለ ሁለት ቤቶች ታሪክ ሠሪንም ገዢንም የሚያጽናና አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1880 ጀምሮ በሐረር ቡናና ቆዳ ሲነግድ፣ ቤት አልሠራም፣ ቤትም አልገዛም፤ በ1891 ታሞ ከከተማዋ ወጥቶ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጎበኘው ባለቀለም መስታወት ያለው ሰፊ የእንጨት ሕንጻ የተሠራው በሕንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ ሠሪው ባለቅኔው ከሞተ በኋላ እንዳሠራው ይታመናል። እንደዚሁ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውና አሁን የሸሪፍ ሙዚየም የሚገኝበት ቤት የሕንዳዊ ነጋዴ ሥራ ነው፤ ስሙን ያገኘው ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ተፈሪ መኮንን የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚያ ስላሳለፉ ነው። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ፎቁን፣ ሰገነቱንና ወደ መንገድ የሚያይ መስኮቱን ወደ ከተማዋ አምጥተዋል፤ ወጪውን ሁሉ ችለው፣ ስሙን ግን አንዱን ላልኖረበት ባለቅኔ፣ ሌላውን ለሙሽራ እንግዳ ለቀዋል። በቤት ላይ ስም ለመተው የሚሻ ሰው ከመሥራትም ከመግዛትም ይልቅ እንግድነት ይቀናዋል ብሎ መደምደም ከዚህ ይቻላል።

ይሁንና ገዢው ከሠሪው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ጎረቤት። ዓረቦች ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን ፈልግ ይላሉ፤ በጀጎል ውስጥ ሁለቱ ተነጥለው አይሸጡም። የግቢው በር የጋራ ነው፣ ግድግዳው የጋራ ነው፣ የጣሪያው ውሃ የሚወርደው በሌላው ግቢ ነው፤ በዚህ ላይ አፎቻ የሚባለው፣ በሠርግና በኀዘን የሚረዳዱ ወንዶችና ሴቶች በየፊናቸው የሚሰባሰቡበትና ከዕድር ጋር የሚቀራረብ ማኅበር አለ። አዲስ ገቢው ለመጀመሪያው ሳምንት ማንም እንደማያውቀው ያስባል፤ በሁለተኛው ሳምንት ቤቱን በስንት እንደገዛ፣ ደላላው ስንት እንደወሰደና ሶፋው ለምን በግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ እንደሚገኝ ከእሱ በላይ የሚያውቁ ሰዎች ለምን እንደተቸገረ በትሕትና ይጠይቁታል። በአዲሱ ከተማ ባለ ግንብ አጥር ቤት ያሠራው ሰው ይህ ሁሉ የለበትም፤ የኀዘን ቀን ድንኳን የሚተክልለትን ፍለጋ ግን ወደ ጀጎል ይመጣል።

ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል፣ ከግንቡ ውጭ ዘመናዊ ቪላ የሚያሠሩ ሐረሪዎች ብዙውን ጊዜ አንዱን ክፍል በጌ ጋር ሥርዓት ማሠራታቸው። ሳሎኑ ሶፋውን፣ ቡፌውንና ቴሌቪዥኑን ይይዛል፤ ከጎኑ ያለው ክፍል ደግሞ ነደባዎቹ፣ ጣቄቶቹና ስፌቶቹ ተሟልተውለት፣ ግን በብሎኬትና በሲሚንቶ ተሠርቶ፣ ቀዩም በፋብሪካ ቀለም ተቀብቶ፣ ለዒድ፣ ለሠርግና ለታላላቅ እንግዳ ይከፈታል። የነደባዎቹ ከፍታ በፕላኑ ላይ ስለማይገኝ፣ ባለቤቱ ፎርማኑን አስከትሎ በሜትር ለመለካት ጀጎል ወደሚገኝ ዘመድ ቤት ይሄዳል። ዘመድየውም ሆጃ የሚባለውን መጠጥ አቅርቦ፣ አሚር ነደባን፣ ከዚያም ግዲር ነደባን በተራ ያስለካል፤ ፎርማኑ የእያንዳንዱን ቁመት በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ሲጽፍ፣ ባለቤቱ ነባር ቤት የያዘ ሰው ምንኛ የታደለ እንደሆነ እያነሣ ያመሰግናል። ልኬቱ ካለቀ በኋላ ዘመድየው ፎርማኑን ወደ ጣሪያው አውጥቶ፣ ባለፈው ክረምት ያፈሰሰውን ጥግ ያሳየዋል፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እዚያ አዲሱ ከተማ ውስጥ አንድ መቶ ስድሳ ካሬ ቦታ በስንት እንደሚገኝ ይጠይቀዋል።